ጾመኛው ጉድጓድ

በከተማችን ለአንድ ጎልማሳ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው «የት ነው የምትሠራው?» የሚለው ነው። ልብ በሉ፤ «ምን ትሠራለህ?» አይደለም የሚባለው። ምን እንደምትሠሩ ማንም ግድ የለውም። ቁም ነገሩ የት የሚለው ላይ ነው። የት ማለት ደግሞ በር ያለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ የቆመበት፣ ዘበኛውም «ማንን ፈልገው ነው?» እያለ ሰው የሚያጉላላበት ቦታ ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር ካላችሁ፣ ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ ስታገላብጡ ብትውሉም ሠራተኛ ናችሁ። በሩ ከሌላችሁ ግን ከንጋት እስከ ማታ ብትዳክሩም «ያ ልጅ እስካሁን ሥራ አልያዘም እንዴ?» ከመባል አትድኑም።

እኔ በር አልነበረኝም። ማለቴ፣ ነበረኝ፤ በገዛ እጄ ለቀቅኩት። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሬዲዮኑም ጋዜጣውም ስለ ግል ሥራ ብቻ ሲያወራ፣ ከሰሚዎቹ ሁሉ አምኖ ከመሥሪያ ቤቱ የወጣ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሙያዬ የውሃና የፍሳሽ ማጣራት ነው። መሐንዲስ ነኝ፤ ሕንጻ የሚያቆመው ዓይነት ግን አይደለሁም። ቆሻሻ ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ጠርቶ እንዲወጣ፣ መሐል ላይ ምን መሆን እንዳለበት የምቀይሰው እኔ ነኝ። ይህን ለሰው ሳስረዳ ሁሉም በትሕትና ያዳምጠኛል፤ «ፍሳሽ» የምትለዋ ቃል እስክትደርስ ድረስ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ አየሩ ሁኔታ ይዞራል። አይፈረድባቸውም። ሰው ቧንቧ ከፍቶ ውሃ ሲያጣ ሰፈሩን በእሮሮ ያናጋል፤ የታጠበበት ውሃ የት እንደገባ ግን ዕድሜ ልኩን ሳይጠይቅ ይኖራል።

የምኖረው ገርጂ ነበር። ያኔ ገርጂ ዛሬ የምታውቁት ገርጂ አልነበረም። ከመገናኛ ታክሲ ትይዛላችሁ፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ረዳቱ «መጨረሻ» ይላል፤ የቀረውን መንገድ ከጭቃው ጋር እየተደራደራችሁ ትጨርሱታላችሁ። በቀኝ አዲስ ቪላ ከነአጥሩ፣ በግራ የገበሬ ጤፍ። ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ሲያልፍ፣ ላሞቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም ነበር።

እዚያ ሰፈር ሐጂ ከማል የሚባሉ የስልጤ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ሐጂ በግቢያቸው በር ላይ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡበት መደብር አላቸው፤ መደብሩ ውስጥ ስልክ አለ። ካርድ ሳሳትም ያሰፈርኩት ይህንኑ ስልክ ነው። ሰው ሲደውል ሐጂ ያነሡና ድምፃቸውን ወፈር አድርገው «ቢሮ ነው። ኢንጂነሩ ሳይት ወጥቷል» ይላሉ። እኔ በዚያች ሰዓት እዚያው ግቢ ውስጥ ካልሲዬን እያጠብኩ ልሆን እችላለሁ። «ሐጂ፣ አለሁ እኮ» ስላቸው፣ «በመጀመሪያ ጥሪ የሚገኝ ኢንጂነር ማን ያከብረዋል?» ይሉኛል። በግል ሥራ ዙሪያ ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ችግሩ ራሔልን ወደድኩ። ራሔል የምትሠራው ውሃ የሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ በር ያለው፣ ዘበኛ ያለው ላብራቶሪ። ሌላው ወንድ ለሚወዳት ልጅ ሽቶ ገዝቶ ሲሄድ እኔ የሰው ቤት ፍሳሽ በጠርሙስ ይዤ እሄድ ነበር። ጠርሙሱን ትቀበለኛለች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች፤ «ይሄ ደግሞ የየት ነው?» ትለኛለች። አንድም ቀን አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ሁለተኛ እንደማላገኝ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አላስፈለገኝም። እሷም ጠርሙስ ሳልይዝ የቀረሁበት ሳምንት ቅር ይላት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

የራሔል አባት ጋሽ ወልዴ እዚያው ገርጂ ክትፎ ቤት አላቸው። ባለ መኪናው ሁሉ ከቦሌ ድረስ ጭቃውን ችሎ የሚመጣላቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ወጥ ቤቱን ያዛሉ፤ ቅቤ የሚያነጥሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ያንን ለማንም አይሰጡም። ሁለቱም ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ክትፎ ቤቱ ሽሮና ጎመን ቤት ይሆናል፤ የቅቤው ማሰሮ አፉ ታስሮ ይቀመጣል፤ የሥጋ መክተፊያው ታጥቦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

በጾሙ መግቢያ ሰሞን ሽማግሌ ላክሁ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው ሐጂ ነበሩ። ጋሽ ወልዴ እንግዶቹን በአክብሮት ተቀብለው አስቀመጧቸውና፣ የተፈራው ጥያቄ መጣ።

«ልጁ የት ነው የሚሠራው?»

«በግሉ ነው» አሉ ሐጂ።

«በግሉ የት?»

ሐጂ ትንሽ አሰብ አደረጉ። «በሥሩ ብዙ ሠራተኞች አሉ» አሉ።

አልዋሹም። ከዚያ በፊት አንድ እሑድ ስለ ሥራዬ ሳጫውታቸው፣ ፍሳሹን የማጣራው እኔ ሳልሆን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እንደሆኑ፣ ቆሻሻውን በልተው ውሃውን የሚለቁት እነሱ እንደሆኑ፣ የኔ ሥራ ለእነሱ የሚመች ቤት ማዘጋጀት ብቻ እንደሆነ ነግሬያቸው ነበር። ሐጂ ነጋዴ ናቸውና ነገሩን በሚገባቸው መንገድ ያዙት፤ ልጁ አሠሪ ነው።

ጋሽ ወልዴ ግን በወሬ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። ከክትፎ ቤቱ ጀርባ ያለው ጉድጓዳቸው በየጊዜው እየሞላ እየገነፈለ፣ ፍሳሽ የሚመጠው መኪና ቢመላለስ ቢመላለስ ሽታው አልጠፋ ብሎ፣ ጎረቤት ከሷቸው ቀበሌው «ሌላ አቤቱታ ቢመጣ ቤቱ ይታሸጋል» ብሏቸው ከርሟል። «እንግዲያው ሠራተኞቹን ይዞ ይምጣና ይሄን ጉድጓድ ያስተካክልልኝ» አሉ። «ተስተካክሎ ካየሁ በዳግማይ ትንሣኤ ተመልሳችሁ ኑ፤ ልጄን እሰጣለሁ። የሚገማ ከሆነ ግን ደጄን እንዳትረግጡ።» እትዬ ብርቄ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «ጾመኛ ነው ወይ በሏቸው እስኪ» ሲሉ ተሰምቷል። ሐጂ «ኧረ ከኔ ግቢ እሱን የመሰለ ጾመኛ የለም» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ በግቢው ውስጥ ዐቢይ ጾም የምጾመው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራው ተጀመረ። አሮጌውን ጉድጓድ አስጠርጌ ሦስት ክፍል ያለው አዲስ ገንዳ አስገነባሁ። የመጨረሻውን ክፍል ለመንገድ በሚደለደለው ቀይ አሽ ሞላሁት፤ ያ ጠጠር ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለሠራተኞቼ ጥሩ ማደሪያ ይወጣዋል። ለሊጥ እርሾ እንደሚጨመረው ሁሉ፣ ደህና ከሚሠራ የሌላ ሰው ጉድጓድ ዝቃጭ በባልዲ አምጥቼ ጨመርኩበት። ጋሽ ወልዴ ዳር ቆመው «ቆሻሻ ታጥፋ ብዬህ ቆሻሻ ታመጣለህ?» አሉኝ። ትንሽ ይታገሡኝ አልኳቸው።

ታገሡ። ጾሙ ሲጋመስ ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ጠራ። ሽታው ጠፋ። ጎረቤቱ መስኮቱን መክፈት ጀመረ። ጋሽ ወልዴ በዚያ ውሃ ጌሾአቸውን ያጠጡ ጀመር፤ ሽሮ ሊበላ የመጣውን ሰው ሁሉ ወደ ጀርባ እየወሰዱ «እየው እስኪ፣ ይሄ ምን ነበር መሰለህ?» ማለት አመጡ። እኔም «አንተ ልጅ» መባሌ ቀርቶ «ኢንጂነር» ሆንኩ። ጠርሙሱን ለራሔል ስወስድላት መርምራ ወጣችና «የአባዬ ውሃ ጾመኛ ነው እንዴ? ምንም እኮ የለበትም» አለችኝ። ሳቅኩ። በሥራዬ ኮርቼ ነበርና ምስጋና መሰለኝ።

ከሆሳዕና በኋላ ሰኞ ዕለት ደረቴን ነፍቼ ጉድጓዴን ለማየት ሄድኩ። ከክትፎ ቤቱ ጀርባ፣ ከጥዱ ዛፍ ሥር፣ ሁለት የሰቡ በሬዎች ታስረዋል። ለፋሲካ የተገዙ ናቸው። እያመነዠኩ ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ። ጀርባቸው የተደላደለ፣ ሻኛቸው ዘንበል ያለ፣ ሌላ ሰው ቢያያቸው ምራቁን የሚውጥላቸው በሬዎች ናቸው። እኔ ግን የታየኝ ፍሳሻቸው ነው። እነዚህ ሁለቱ ሥጋቸው ተከትፎ፣ ከእትዬ ብርቄ ቅቤ ጋር ተለውሶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ጣባው ታጥቦ፣ የእጅ መታጠቢያው ሁሉ ተጨምሮበት በኔ ገንዳ በኩል ነው የሚያልፉት።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የያዝኩት መጽሐፍ የተጻፈው ሰው ዓመቱን ሙሉ ያንኑ በሚበላበት አገር ነው። ስለ ሙቀት ይናገራል፣ ስለ ቅዝቃዜ ይናገራል፤ ጾም የሚባል ነገር ግን አያውቅም። እኔ ደግሞ ያንን አምኜ፣ ያውም ራሴ እየጾምኩ፣ የአንድ ክትፎ ቤት ፍሳሽ በጾም ወር ለክቼ ቀየስኩለት። ሠራተኞቼ በጾም ተወልደው በጾም ያደጉ ናቸው። ከሽሮ እጥቢ በስተቀር የቀመሱት የለም። ቅቤ ምን እንደሆነ አያውቁም። በፋሲካ ማግስት ያ ሁሉ ቅባት ሲወርድባቸው ገሚሶቹ ታፍነው ያልቃሉ፤ ጠጠሩ በሞራ ይደፈናል፤ ሽታው ከድሮው ብሶ ይነሣል። በሳምንቱ ደግሞ ሽማግሌዎቼ ነጭ ለብሰው እዚያው መሐል ይቀመጣሉ። ራሔልን እያጣኋት እንደሆነ እዚያው በሬዎቹ ፊት ታወቀኝ፤ ፈራሁ።

መደረግ ያለባቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከወጥ ቤቱና ከገንዳው መሐል ትንሽ የሲሚንቶ ሣጥን መሥራት ነው፤ ቅባቱ እዚያ ላይ ተንሳፍፎ ሲቀር ውሃው በሥር በኩል ያልፋል። እሱ ቀላል ነው፤ ሐጂ ሲሚንቶውን ሰጡኝ፣ ሠራሁት። ከሣጥኑ አምልጦ የሚያልፈው ቅባት ግን መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ ሁለተኛው ሠራተኞቹን ከፋሲካ በፊት ቅቤ ማስለመድ ነበር፤ በየቀኑ ትንሽ፣ ትንሽ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰሞነ ሕማማት ነው።

ወደ እትዬ ብርቄ ገባሁ።

«እትዬ፣ በየቀኑ ትንሽ ቅቤ ቢቀልጥልኝ ብዬ ነበር።»

ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «በሕማማት? ለማን ነው?»

«ለጉድጓዱ።»

«ጉድጓዱ አይጾምም?»

«አይጾምም፣ እትዬ።»

«እስከ ዛሬ ምን በልቶ ኖረ ታዲያ?»

«ሽሮ።»

«እስከ ፋሲካም እሱኑ ይብላ» አሉና ሦስት ጊዜ አማትበው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ለሐጂ ነገርኳቸው። ሐጂ ሲሚንቶ እየመዘኑ በጥሞና ሰሙኝ። «ሠራተኞችህ ጾም የለባቸውም ማለት ነው?»

«የለባቸውም።»

«ሥጋውን ማን ባረከው፣ እስላም ነው ክርስቲያን ብለው አይጠይቁም?»

«ኧረ አይጠይቁም፣ ሐጂ።»

«ከኛ ይሻላሉ» አሉ። «እንግዲያው ከኔ ቤት ይብሉ።»

ከዚያች ዕለት ጀምሮ የሐጂ ባለቤት የምሳቸውን መረቅ ከነቅቤው በትልቅ ብረት ድስት እየሞሉ ይሰጡኝ ጀመር። እኔም ከሰዓት በኋላ ያንን ድስት በጨርቅ ሸፍኜ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ወደ ክትፎ ቤቱ ጀርባ እሄዳለሁ፤ ከመታጠቢያው አጠገብ ባለው ቀዳዳ በኩል ቀስ አድርጌ አፈስሰዋለሁ፤ ባዶ ድስቴን ይዤ እመለሳለሁ። ይህን ስሠራ ያልታሰበኝ አንድ ነገር ነበር። የጾመ ሰው አፍንጫ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ያን ያህል ጊዜ ቅቤ ያልቀመሰ ሰፈር፣ ሰማይ በደመነበት የሚያዝያ ቀን፣ ኮረሪማ የገባበት የቅቤ ሽታ በመንገድ ሲያልፍበት መቼም ዝም አይልም።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ደረሰ። «ያ የነብርቄ አማች ሊሆን ነው የሚባለው ልጅ በሕማማት ሥጋ ይበላል። ከሐጂ ቤት በድስት እየያዘ ይወጣና ሰው በሌለበት ጓሮ ገብቶ ጨርሶ ይመለሳል። ያውም የእስላም ሥጋ።» ባዶውን ድስት ያየ ሰው ብዙ ነበር። ሲፈስ ያየ ግን አንድም አልነበረም። ምስክሮቹ ሁሉ ያዩትን እውነት ነው የተናገሩት። ድስቱ ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ እኔ መሐል ላይ ነኝ። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰፈር እስካሁን አላየሁም።

ሐሙስ ጠዋት ራሔል መደብሩ ደወለች። ሐጂ እንደ ልማዳቸው «ቢሮ ነው፣ ኢንጂነሩ ሳይት» ብለው ሲጀምሩ፣ «ሐጂ፣ እኔ ነኝ፤ አሁን ቢሮ የለም» አለቻቸው። ስልኩን ሰጡኝ። «አባዬ ሽማግሌዎቹ አይምጡ ብሏል» አለችኝ። «እማዬ ስታለቅስ ነው ያደረችው። እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ አላመኑኝም። ለሱ አድልተሽ ነው ይሉኛል። ዛሬ መጥተህ ራስህ ንገራቸው።»  ሰው በሠራው ጥፋት ሲከሰስ የሚለው አያጣም፤ ባልበላው ሥጋ ሲከሰስ ግን ምን አውጥቶ ያሳያል?

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ድስቱንም ይዤ ሄድኩ። ምን ላድርግ፤ የምግብ ሰዓታቸው ነው፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ልፋቴ ሁሉ ገደል ይገባል። ጋሽ ወልዴ ጓሮ ቆመው ጠበቁኝ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው ከኋላቸው ናቸው። ራሔል ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«መረቅ ነው።»

«የምን መረቅ?»

«የሥጋ።»

«ቅቤ አለው?»

«አለው፣ ጋሼ።»

እትዬ ብርቄ ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ አወጡ።  ድስቱን መሬት አስቀመጥኩና ክዳኑን ከፈትኩ። እንፋሎቱ ተነሣ። ቅቤው ከላይ ቀልጦ፣ ወርቃማ ሆኖ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ተቀላቅሎ፣ ሽታው ጓሮውን ሞላው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅቤ ሲለውሱ የኖሩ፣ ከቅበላ ወዲህ ግን ያልቀመሱ ሁለት ሰዎች ፊት ነው እንግዲህ ይህ የሚሆነው። ጋሽ ወልዴ ምራቃቸውን ሲውጡ ሰምቻቸዋለሁ። ድስቱን አነሣሁና ቀዳዳው ውስጥ ቀስ እያልኩ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ደፋሁት።

 ጋሽ ወልዴ ቀዳዳውን ያያሉ፤ ቀና ብለው እኔን ያያሉ፤ እንደገና ቀዳዳውን ያያሉ።

«በየቀኑ እንዲህ ነው የምታደርገው?»

«በየቀኑ።»

«ብትበላው ይሻል ነበር» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ድምፃቸው በሐዘን ተሰብሮ። «ለበላ ንስሐ አለው። የነፍስ አባቱ ጋ ሄዶ ይናገራል፣ ይሰግዳል፣ ይፈታል። ቅቤ ጉድጓድ ውስጥ ለደፋ ሰው ግን ምን ተብሎ ነው ንስሐ የሚሰጠው?»

ከዚያ በኋላ ቁጭ አሉና «አስረዳኝ» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ፍሳሽ ከምትለው ቃል አልፈው እስከ መጨረሻው ያዳመጡኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሠራተኞቹ እንዴት በሽሮ እንዳደጉ፣ ቅቤው ድንገት ሲወርድባቸው ምን እንደሚሆኑ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰውስ ቢሆን» አሉ። «በፋሲካ ጠዋት ዶሮውን፣ ክትፎውን፣ ጠላውን አንድ ላይ ዘግኖ ስንቱ ነው ሆዱን ይዞ ሐኪም ቤት የሚያድረው?» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «በዓሉ ሳይደርስ ባይለምዱልህስ?» አሉኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። «ቀኑ አጥሮብኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። ቢፈቅዱልኝ ሽማግሌዎቹ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ቢመጡ ደስ ይለኛል።»

«‹ጉድጓዴ ገና አልፈሰከም› ብሎ ሽማግሌ የሚያዘገይ ሰው ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «በቀጠሯቸው ይምጡ። ያለውን ፋሲካ ያወጣዋል።»

ፋሲካ ሆነ። ገርጂ በላ። ቦሌም መጥቶ በላ። በሬዎቹ የነበሩበት ጥድ ሥር ባዶ ገመድ ቀረ። እኔ የበዓሉን ሳምንት ያሳለፍኩት ረጅም እንጨት ይዤ ከገንዳው አንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየዞርኩ፣ እያነፈነፍኩ ነው። ሣጥኑ ላይ ቅባቱ እንደ እንጀራ ጋግሯል፤ በአካፋ እያነሣሁ አወጣሁት። ረቡዕ ዕለት ትንሽ ሸተት አለ። ጎረቤቱ መስኮቱን ሲዘጋ አየሁና የማደርገው ጠፋኝ፤ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። በፋሲካ ሳምንት የጾመ ክርስቲያን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሐሙስ ቀለል አለ። ዓርብ ራሔል ራሷ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ቀዳች፤ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ አየችው። «ፈስኳል» አለችኝ። እዚያው በቆምኩበት ላቅፋት ፈልጌ በእጄ ያለውን አካፋ አሰብኩና ተውኩት።

በዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌዎቼ መጡ። ጋሽ ወልዴ ሳሎን አላስገቧቸውም። ወንበሩን ሁሉ ጓሮ አስወጥተው፣ በትክክል ገንዳው ክዳን ላይ አስደረደሩት። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሁሉም አየሩን በአፍንጫው ሳብ አደረገ። ከወጥ ቤቱ የሚመጣው የክትፎ ሽታ ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ጎረቤቱ በመስኮቱ በኩል ብቅ ብሎ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ንግግር ጀመሩ፤ ስለ ዘር፣ ስለ ጠባይ፣ ስለ ጨዋነት። ጋሽ ወልዴ መሐል ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ይብቃ፣ ሐጂ። የት እንደሚሠራ አሁንም አልገባኝም። ምን እንደሚሠራም ለሰው መንገር አልችልም» አሉ። «ብቻ በዓይኑ ለማያያቸው ነፍሳት፣ ስሙ እየጠፋ፣ በሕማማት ቅቤ ተሸክሞ ያበላ ሰው ልጄን አያስርባትም። ሰጥቻለሁ።»

የኔ ነገር በዚህ አለቀ፤ የሰፈሩ ግን አላለቀም። በዓመቱ ከሆሳዕና በኋላ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ሐጂ «ቢሮ ነው» ማለት ሰለቻቸው። ለካ ወሬው ሌላ መልክ ይዟል። የጋሽ ወልዴ ጉድጓድ ሽታው የጠፋው ቅቤ ስለጠጣ ነው ተብሎ፣ በገርጂ ያለ ባለ ጉድጓድ ሁሉ የተረፈ ቅቤውንና ሞራውን እየደፋበት ቧንቧውን ደፍኗል። ሣጥኑን ማንም አላየውም። ጠጠሩን ማንም አልጠየቀም። የሰሙት ቅቤው መግባቱን ብቻ ነው፣ ያንኑ አደረጉ። እኔም ቤት ለቤት እየዞርኩ የደፈኑትን ስከፍት ከረምኩ፤ የግል ሥራዬ እግር ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። በር ያለው ቢሮም በኋላ ተከራየሁ፤ ዘበኛውም ሰው ያጉላላል።

አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ሳላጠራው ቀርቷል። በየዓመቱ የፋሲካን ጠዋት የምንፈስከው ጋሽ ወልዴ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ መሶቡ ዙሪያ ላለነው ሁሉ የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጃቸው ይሰጣሉ። ለልጆቻቸው «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ትልቁን ይጠቀልሉና «እንኳን አደረሰህ» ካሉ በኋላ፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣ በእናት አንጀት «አንተስ እንኳ ቀድመኸናል» ይሉኛል። ራሔል ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ ትስቃለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከር ነበር፤ እሳቸው ግን «ያን ሐሙስ ስትደፋው አይቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ድስት ማን አየው?» ይሉኛል። አንድ ቤት ምን እንደበላ ከጉድጓዱ ቀድቼ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ሙያዬ ነው። ሰው ያልበላውን የሚያሳይ ምርመራ ግን በራሔል ላብራቶሪ ውስጥም የለም። ስለዚህ አፌን እከፍታለሁ፣ እጎርሳለሁ፣ «አሜን፣ እትዬ» እላለሁ።